አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበት መኸር

ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ሰርግ ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሬ ወደ ኮንጋ ስሄድ፣ ያሳፈረኝ ሞተረኛ ቡና መፈልፈያው አጠገብ ሲደርስ ጭቃው አስቸግሮት ቆመ። የቡና ልጣጭ ሲቦካ የሚያወጣው ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል፣ ከስሩ ጣፋጭነት ያለው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከሞተሩ ወርጄ አጥሩን ተደገፍኩ።

«ምነው እህት፣ አዞረሽ እንዴ?» አለኝ ሞተረኛው።

«ሽታው ነው።»

«ይሄማ የኛ ሽቶ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ሌላው የኮንጋ ልጅ ይህን ሽታ ሲያሸት የቡና ለቀማው ግርግር፣ ለገና የሚገዛው አዲስ ልብስ ይታወሰው ይሆናል። እኔ የሚታወሰኝ ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት መኸር ነው። አባቴ የታመመበት፣ ሕመሙም ስም እንዳለው ማናችንም ያላወቅንበት መኸር።

አባቴ ማርቆስ ይባላል። ከቤታችን ጀርባ በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር ያለች ትንሽ የቡና ማሳ ነበረችን። ጠዋት የራሱን ቡና ይለቅማል፣ ከሰዓት በኋላ መፈልፈያው ላይ ይሠራል። ሥራው ታጥቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ማገላበጥ ነበር። አልጋ የምንለው በእንጨት ላይ ሽቦ ወንፊት ተወጥሮበት የሚሠራውን፣ ወገብ የሚደርስ ረጅም ማድረቂያ ነው። እሁድ ደግሞ ጸሎት ቤት መዝሙር የሚያነሳው እሱ ነው። ወፍራም፣ ሩቅ የሚሄድ ድምፅ ነበረው። ቡና ሲለቅምም ይዘምራል። ቤታችንን የማያውቅ እንግዳ ከመንገድ ዳር ቆሞ ሲጠይቅ፣ «ድምፁን ተከትለህ ውረድ» ይሉት ነበር።

የዚያን ዓመት መዝሙሩ ቆመ። መቼ እንደቆመ አላውቅም። ልጅ የመጣን ነገር እንጂ የቀረን ነገር ቶሎ አያስተውልም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት አባዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ መኖሩን ነው። ደስ አለኝ። ሌላ ጊዜ እስኪመሽ አላገኘውም ነበር። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ እወጣና የክፍላችንን ወሬ ሁሉ እዘረግፍለታለሁ። ማን ከማን ተጣላ፣ መምህሩ ማንን አንበረከከ፣ ሁሉንም። እሱ ያየኛል፤ አስተያየቱ ግን ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚያይ ዓይነት ነበር። አንዳንዴ በመሐል «እህ» ይላል። ስጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የእኔ ወሬ አስተኝቶት ነው ብዬ በጣቶቼ ጫፍ እየተራመድኩ እወጣለሁ።

እናቴን ስጠይቃት «ደክሞት ነው» ትለኛለች። መልሷ ሁልጊዜ ያው ነበር። ምን ሠርቶ እንደደከመው ግን አይገባኝም። ቡናው ቀልቶ ቅርንጫፉን ወደ መሬት እያጎበጠው፣ እናቴ ብቻዋን ነበር የምትለቅመው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ ሆና፣ «ማርቆስ ዛሬም አልጋ ላይ ዋለ?» ስትላት ሰማሁ። አልጋ ላይ የሚውል ነገር እኔ የማውቀው ቡና ነበር። አባዬ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ «አልጋ ላይ ያለ ቡና ካልተገላበጠ በአንድ ጎኑ ይሻግታል» ይለኝ ነበር። እሱ ደግሞ ሲተኛ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ነው። ተጨነቅሁ። ደብተሬን ጥዬ አልጋው ላይ ወጣሁና ትከሻውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔ ለማዞር ታገልኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዳትሻግት ላገላብጥህ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ በሳቁ ይናጋ ነበር። እጄን ቀስ አድርጎ ከትከሻው ላይ አነሳ።

«ተዪው የኔ ልጅ፣ ሻግቻለሁ» አለኝና ዞረ።

ውጭ ወጥቼ እጄን አሸተትኩ። የላብና የብርድ ልብስ ሽታ ብቻ ነበር። ለእናቴ ሮጬ፣ «አባዬ አልሻገተም፣ አሽትቼዋለሁ» አልኳት። እናቴ የተሸከመችውን የቡና ቅርጫት እንደያዘች ቆመች፤ ከዚያ ቅርጫቱን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ጴጥሮስ የሚባሉ፣ አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁትና የሚወዱት ሰው ነበሩ። አባዬ ሲያያቸው ለመነሳት ሞከረና እግሩን መሬት አስነክቶ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቀረ። ጢሙ አድጎ ነበር። ሸሚዙ የዚያን ሳምንትም፣ ያለፈውም ሳምንት ያው ነበር።

«ማርቆስ» አሉት ጋሽ ጴጥሮስ፣ «ምን ጎደለብህ? ልጅህ ጤነኛ ናት። ቡናህ ዘንድሮ ያማረ ነው። ምስጋና የሚያቆም ሰው ነው እንዲህ የሚከብደው። ወንድ ልጅ ጸልዮ ይነሳል እንጂ ይተኛል?»

«እውነት ነው» አለ አባቴ።

እጃቸውን ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩለት። እኔ አንድ ዓይኔን ከፍቼ እጠብቅ ነበር። ሲጨርሱ አባዬ «አሜን» አለ። ጥርት ያለ አሜን ነበር። ዳነ ብዬ ዘለልኩ። ሽማግሌዎቹም ፊታቸው በርቶ ወጡ። እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ አባዬ ጫማውን እንዳደረገ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ልብስ አለበስኩት።

ከዚያ በኋላ ነው እናቴ ግራ የሚያጋባ ነገር ያደረገችው። የላሟን ገመድ፣ የልብስ ማስጫውን፣ ጆንያ የምናስርበትን ሲባጎ ሳይቀር ለቃቅማ፣ ከትልቁ ቢላዋ ጋር በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ወሰደች። ሌባ ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን ሌባ ሬዲዮኑን ትቶ ገመድ ምን ያደርግለታል?

ላማችን ሳትታሰር ዋለችና የእትዬ ዘነበችን ጎመን በላች። መመታቴ ነው ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ገመዳችንን ስጪኝ፤ ላሟን ላስራት።»

«ጎመኑን ትብላው» አለች እትዬ ዘነበች። «ከፈለገች አጥሩንም ትብላው። ገመድ ግን አልሰጥሽም።» ጎንበስ ብላ አቀፈችኝ፤ ታለቅስ ነበር። ለጎመኗ እንዲህ የምታለቅስ ሴት አይቼ አላውቅም።

እናቴ ከዚያ ጀምሮ ሩቅ መሄድ ተወች። ቅርብ ቅርቡን ትለቅማለች፤ ከማሳው ጫፍ ያለው ቡና ግንዱ ላይ እየጠቆረ ቀረ። እኔን ደግሞ «ከአባትሽ አትራቂ። ከቤት ከወጣ ተከተዪው፤ ጮክ ብለሽ ጥሪኝ» ትለኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ተነስቶ በጓሮ ወጣ። በእንሰቱ መሐል ተከተልኩት። ቀስ እያለ ሄዶ አንድ ዛፍ ስር ቆመና ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን ያይ ጀመር። ወፍ ያየ መስሎኝ እኔም ቀና አልኩ። ወፍ አልነበረም።

«አባዬ፣ ምን ታያለህ?»

ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። ዞሮ አየኝና ቅጠሉ ላይ ቁጭ አለ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ሄጄ ያዝኩት። እጁ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። «እማዬ!» ብዬ ስጣራ እናቴ ያን ያህል ትሮጣለች ብዬ አስቤ አላውቅም። የለቀመችው ቡና በመንገዱ ሁሉ ተበትኖ ነበር።

በዚያው ዕለት እናቴ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥታ ዲላ ደወለች። አብሬያት ነበርኩ። የደወለችው ለአክስቴ ለአየለች፣ ለአባቴ ታላቅ እህት ነው። አክስቴ ዲላ ከተማ አስተማሪ ናት። «ደህና ነን፣ ወንድምሽ ትንሽ ተኝቷል» ብቻ ነበር ያለቻት። ከወዲያ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አክስቴ የምታያት ይመስል።

አክስቴ በማግስቱ መጣች። አናናስ ይዛ ነበር። ይህች ሴት መምህር ናትና አባዬን ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችውም፤ ተነስም አላለችውም። በርጩማ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና አናናሱን መላጥ ጀመረች። የሚበላውን ቆርጣ አጠገቡ አስቀመጠችለት። አልበላም። እሷም ብላ አላለችውም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የአናናሱ ልጣጭ ሲወድቅ ብቻ ነበር። በኋላ እኔን ወደ ውጭ ላከችኝ። ወጣሁና በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ማርቆስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አለችው። ድምፅዋ ዳቦ በላህ ወይ ብላ የምትጠይቅ ዓይነት ነበር። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አለ አባዬ። «በየቀኑ አስባለሁ።»

«እኔም አስቤ አውቃለሁ።»

«አንቺ?»

«ባሌ የሞተ ጊዜ። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ በርቺ እያለኝ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን የምበረታበት ነገር ውስጤ አልነበረም። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ይዤ ምን እንደምጽፍ ይጠፋኝ ነበር። ያወጣኝ ሐኪም ነው። እና አብራኝ የምታድር ጓደኛዬ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍሬ። አሁን ለአንተ ነገርኩህ።»

«እኔ እኮ ማንም አልሞተብኝም፣ እቴ» አለ አባቴ። «ይኸው ነው የሚያሳፍረኝ። ምክንያት የለኝም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መንቃቴ ራሱ ያስጠላኛል።»

ከዚያ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ከሩቅ የሚሰማው ያ ድምፁ ለካ ለልቅሶም ይሆን ነበር።

እየሮጥኩ ወደ እናቴ ሄድኩ። «አክስቴ አባዬን ሙት እያለችው ነው! እያስለቀሰችው ነው!»

«ምን አለችው? ቃሉን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ጠየቀችው» አለች ለራሷ። «ይኸን ሁሉ ጊዜ አፌን እየበላኝ፣ ከተናገርኩት ይሆናል ብዬ ፈርቼ…» ገመዶቹ ለምን እንደተደበቁ፣ አባዬ ዛፉ ስር ምን ያይ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ማንም አላስረዳኝም። በአንድ ጊዜ፣ ውኃ እንደሚፈስብኝ ሆኖ ገባኝ፤ እዚያው ጎኗ ተቀመጥኩ።

በነጋታው ወደ ዲላ ወረድን። እናቴ ቤቱንና ላሟን ትታ መሄድ አልቻለችም፤ አባዬ ደግሞ እጄን አልለቅም ስላለ አክስቴ «ትምጣ» አለች። እስከ ይርጋጨፌ በሞተር፣ ከዚያ በሚኒባስ። አባዬ በመስኮቱ በኩል ነበር። በየመንገዱ ዳር ቡና ተሰጥቷል፤ ሰው በሸራ ላይ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፤ የሚኒባሱ ረዳት ከበሩ ተንጠልጥሎ ይጮሃል። ዓለም ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሄደ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ደረቱን በመሣሪያ አይተው ውስጡ ያለውን ከባድ ነገር ያወጡለታል ብዬ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ መሣሪያ የለም፤ መጠየቅ ብቻ። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ምግብ ይጥምሃል ወይ? እያሰበ፣ ቃል እየጎተተ ይመልስላታል።

«በፊት ደስ የሚልህ ነገር ምን ነበር?»

አባዬ ብዙ አሰበ። የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«መዝሙር!» አልኩ እኔ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «አባትሽ ታሟል» አለችኝ፣ ለትልቅ ሰው እንደምትነግር። «ድባቴ የሚባል ሕመም ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እምነት ጎድሎትም አይደለም።»

«እኔ እየጮህኩበት ነው የታመመው?» አልኳት። ይህ ጥያቄ ውስጤ እንደነበር እስክናገረው ድረስ አላወቅሁም።

አባዬ ቀና አለ። ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ በትክክል ዓይኔን አየኝ። «አይደለም!» አለ። ጠንከር ያለ ድምፅ ነበር። «አይደለም፣ ምህረት። አንቺ አይደለሽም።»

ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘች፤ በየጊዜው እየመጣ እንዲያነጋግራት ቀጠሮ ሰጠችው፤ ለአክስቴም ብቻውን እንዳይተው፣ ሐሳቡ ከበረታበት በየትኛውም ሰዓት ይዘውት እንዲመጡ ነገረቻት። መድኃኒቱ ቶሎ እንደማይሠራ፣ ሳምንታት እንደሚፈልግም ነግራናለች። እኔ አልሰማኋትም። ስለ ድባቴ እያሰብኩ ነበር። ስሙ የድብ ወገን መሰለኝ። በመጽሐፋችን ላይ የድብ ሥዕል ነበር፤ ጥቁር፣ ትልቅ፣ ክብድ ያለ። እሱ ነው አባዬ ደረት ላይ የሚተኛው ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ መድኃኒቱን የዋጠ ዕለት ድቡ ሲወጣ ላየው በር በሩን ጠበቅኩ።

ምንም አልወጣም። ኮንጋ ተመለስን፤ አባዬም ወደ አልጋው ተመለሰ። አፉ ይደርቃል፤ ጭንቅላቱ ይከብደዋል። ሰፈሩ ማንሾካሾክ ጀመረ፤ «የእብድ መድኃኒት እየሰጡት ነው» የሚል ወሬ ከመፈልፈያው እስከ ትምህርት ቤቴ ደረሰ። እናቴ ራሷ ትጠራጠር ነበር። ክኒኑን በእጇ መዳፍ ላይ ይዛ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ልክ አድርጌ ይሆን?» እያለች ነው የምትሰጠው። ጋሽ ጴጥሮስ ሌላ ቀን ብቻቸውን መጡ። ይህን ጊዜ ተግሣጽ አልነበረም። እናቴ የገመዱን ነገር ነግራቸው ነበር መሰለኝ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና ስለ ዝናቡ፣ ሬኮ ቀበሌ ስላለው የወንድማቸው ማሳ አወሩ። ለመልስ አልጠበቁም። ሲወጡ እናቴን «በየሁለት ቀኑ እመጣለሁ፤ አንቺ ራቅ ብለሽ ልቀሚ» አሏት። መጡም። አንዳንዴ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸውና ሁለቱ ወንዶች አብረው ተኝተው አገኛቸዋለሁ።

ቡናው አለቀ። መፈልፈያው ተዘጋ። የእኛ ቡና ግማሹ ግንዱ ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር፤ ገናም ያለ አዲስ ልብስ አለፈ። አባዬ ፊቱን ለመታጠብ መነሳት ጀምሮ ነበር፤ አንዳንድ ቀን በር ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም። መዳን እንዲህ ቀርፋፋ መሆኑ ያናድደኝ ነበር። ከሕመሙ መለየት ያስቸግራል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ጎመኑን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። አባዬ ጎረሰ፣ አላመጠና ቆም አለ።

«ጨው በዛ» አለ።

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓሮ ሮጠች። ከእንሰቱ ስር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ይቅርታ፣ ጨዉን ያበዛሁት እኔ ነኝ። እኔን ነው የሰደበው፣ አንቺን አይደለም።»

«ጨው በዛ አለ እኮ!» አለች እጄን ጨምቃ ይዛ። «አልሰማሽም? እስከ ዛሬ አመድ ብሰጠው ይበላ ነበር። ዛሬ ጣዕም ለየ!» እያለቀሰች ትስቅ ነበር። የዚያን መኸር ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ በማግስቱ ሆን ብዬ ጨው አበዛሁ። እፍኝ ሙሉ። አባዬ ግን የዚያን ቀን ጠዋትም አልተነሳም ነበር። አልጋው ላይ ወስደን ሰጠነው። እየጠበቅሁ አፍ አፉን አየሁት። ጎረሰ፣ ዋጠ። ጎረሰ፣ ዋጠ። ምንም ሳይል ሳህኑን መለሰና ወደ ግድግዳው ዞረ።

እናቴን አየኋት። ጎመኑን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ።

«ዛሬ አልሆነም» አለች ቀስ ብላ። «አንዳንድ ቀን እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ውኃ አምጪ። ይጠማዋል።»

አመጣሁ። አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩትና ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን፣ ጀርባችንን ለአልጋው ሰጥተን። ውጭ ካፊያ ጀምሮ የእንሰቱን ቅጠል ይመታ ነበር። ብዙ ቆይቶ ከኋላችን አልጋው ተንቋቋ፤ በትከሻዬ በኩል አንድ እጅ መጣና ውኃውን አነሳ።